ሐረማያ ሐይቅ
ሐረማያ ሐይቅ (በቀድሞ አጠራሩ ዓለማያ) በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኝ ሐይቅ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ፣ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የመዝናኛ ስፍራ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ። ጉዳቱ እንደ አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት የደረሰ አልነበረም። ዛፍ ከተመነጠረባቸው ኮረብቶች በጎርፍ የታጠበ አፈር ሐይቁን እየሞላ ጥልቀቱን ቀነሰው። ለጫት፣ ለድንችና ለአትክልት መስኖ በሞተር የሚሳበው ውኃ፣ የከተሞች ፍጆታና ትነት ተደማምረው በዝናብ ከሚገባው በለጡ። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ለከባድ የውኃ እጥረት ተዳረገች፤ ዓሣ አጥማጆች ሥራቸውን አጡ፤ ወፎች ይሰፍሩበት የነበረው ስፍራም የከብት መሰማሪያ ሆነ።

ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል ማግኘት ከጀመረችና በተፋሰሱ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ከተካሄደ በኋላ፣ በ2010ዎቹ ዓ.ም. ውኃው ዳግም ተመልሷል። ሆኖም የመስኖው ፍላጎትና የአፈር መሸርሸሩ ስላልቀረ የሐይቁ ህልውና አስተማማኝ አይደለም።

የሐረማያ ታሪክ ለሌሎች የመዝናኛ ሐይቆችም ትምህርት ይሰጣል። በአምቦ አካባቢ ያሉት የደንዲና የወንጪ ሐይቆች በተዳፋት የእርሻ መሬት የተከበቡ ሲሆኑ፣ ከደንዲ የሚነሳው የሁሉቃ ወንዝ በአምቦ ከተማ ያልፋል።