ጨረራዊ ስንጠቃ (ራዲዮሊሲስ)

ራዲዮሊሲስ ጨረራ የአንድን ቁስ ሞለኪውሎች ሲሰነጥቅ የሚፈጠር ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። እዚህ ጨረራዊ ስንጠቃ ብለነዋል። ለውጡን የሚያመጣው አዮን ፈጣሪ ጨረራ፣ ማለትም ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንጠቅ ኃይል ያለው ጨረራ ነው።

ጥቅሙ ጎልቶ ከታየባቸው ዘርፎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ማከም ነው። ማቅለሚያ ሲሠራ በእጥበትና በፀሐይ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው። ልብስ ላይ የምንወድለት ይኸው ጥንካሬ ወንዝ ሲገባ ጠንቅ ይሆናል፤ በተለመደው ማጣሪያ ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎችም በቀላሉ አይበግሩትም።

የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ፍሳሹ ላይ ኤሌክትሮኖች ሲለቅ፣ አብዛኛውን ኃይል የሚቀበለው ውሃው ነው። የውሃው ሞለኪውል ተሰንጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል፤ ዕድሜው እጅግ አጭር ቢሆንም ያገኘውን ሞለኪውል ይቆራርጣል። ብዙ ማቅለሚያዎች ቀለማቸውን የሚያገኙት ከሁለት ናይትሮጅን አቶሞች ድርብ ትስስር ነው። ትስስሩ ሲበጠስ ቀለሙ ይጠፋል፤ ቁርጥራጩም ለባክቴሪያዎቹ ይቀላል። ኤሌክትሮኖቹ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚዘልቁ ፍሳሹ በስሱ ተዘርግቶ በጨረራው ሥር እንዲያልፍ ይደረጋል።

በደቡብ ኮሪያ ዴጉ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በቀን 1,000 ሜትር ኩብ የማቅለሚያ ፍሳሽ በሚያክም የሙከራ ጣቢያ ተጀምሮ፣ በኋላ 10,000 ሜትር ኩብ የሚያክም ጣቢያ ተተከለ። በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ጂያንግመን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው ደግሞ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ያክማል።

ታዲያ ውሃው ራሱ ጨረራ አመንጪ ይሆናል? አይሆንም። የእነዚህ ኤሌክትሮኖች ኃይል የአቶምን ኒውክሊየስ ለመለወጥ አይበቃም። ማፍጠኛው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ሲጠፋ ጨረራውም ይቆማል። በሥራ ላይ እያለ ግን ሠራተኞችን የሚጋርድ ወፍራም ኮንክሪት የግድ ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም ንጥረ ነገር ስለሆነ ተሰንጥቆ አይጠፋም፤ በሌላ መንገድ ተለይቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ጨረራዊ ስንጠቃ የሌሎች ማጣሪያዎች አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። በአዲስ አበባ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበትን የአቃቂን ወንዝ ጠልፎ ጎመን ለሚያለማ ገበሬም ሆነ ጎመኑን ለሚበላው ከተሜ ዋናው ጉዳይ፣ ፋብሪካው እያንዳንዱን ብክለት በሚገባው ዘዴ ከግቢው ሳይወጣ ማስወገዱ ነው።