የቡናው ነጥብና የፌስቡክ ስሌት

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዋጫ በካፋ የጨና ወረዳ ከተማ ናት። በቡና ወቅት የአካባቢው ገበሬ ጀንፈሉን ገበያ ሲያወጣ ሚዛኑን ያያል፣ የሚቆጠርለትንም ብር ያያል። ዋጋው እንዴት እንደተተመነ ግን ለረጅም ዘመን የሚያየው አልነበረም።

የዋጋ ወሬ የጥቂቶች ሀብት መሆኑ በካፋ ጥንታዊ ነው። የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂ ዘግተው የውጭ ነጋዴን በቦንጋ አካባቢ ይገድቡት ነበር። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላም ሰንሰለቱ ረዘመ እንጂ አልተከፈተም። ሰብሳቢው ከገበሬው ይገዛ፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው ይረከብ፣ ላኪው አዲስ አበባ ላይ በጨረታ ይወስድ ነበር። የጨረታው ዋጋ ዋጫ የሚደርሰው በሰብሳቢው አንደበት ነበር፤ ሰብሳቢው ደግሞ ገዢው ራሱ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 550 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 551 ደግሞ የገበያውን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን። ገበያው ሥራ ሳይጀምር ተቆጣጣሪው በሕግ መቆሙ ትልቅ አስተዋይነት ነበር። ቡና ወደዚህ ገበያ የገባው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ከጨና የተጫነ ቡና ቦንጋ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለት ጀመር፤ ናሙናው የባለቤቱን ስም ትቶ የሚስጥር ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ቀማሾቹ ይሄድ ነበር። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለኩባያው ነው። የኩባያው 60 ለንጽሕና፣ ለኮምጣጣነት (አሲዲቲ)፣ በአፍ ለሚሰማ ክብደት (ቦዲ) እና ለጣዕም (ፍሌቨር) 15፣ 15 ሆኖ ይከፈላል። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ አቅራቢው ግን በምን መስፈርት እንደሚመዘን ያውቅ ነበር። የዕለቱን ዋጋ ደግሞ ስልክ ያለው ሁሉ 929 ደውሎ ይሰማ ጀመር።

አሠራሩ እንከን ነበረበት። ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተደባልቆ ስለሚሸጥ ገዢው የየትኛው ገበሬ ምርት እንደሆነ ማወቅ አልቻለም፤ በጫካ ቡናው ለሚኮራው ካፋ ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ለቀጥታ ግብይት መንገድ የከፈተው ከዚህ ዓይነቱ ቅሬታ በኋላ ነው። መስፈርቱ ግልጽ ስለነበር ጉድለቱን ነቅሶ መከራከር ተችሏል።

ቡናው ያገኘው ግልጽ መስፈርትና ተቆጣጣሪ ግን ለምናነበው ነገር የለም፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያን ምን እንደሚያነቡ የሚመዝኑት የፌስቡክና የቲክቶክ ስሌቶች (አልጎሪዝሞች) ናቸው። የትኛው ጽሑፍ ከፍ ይበል፣ የትኛው ይቀበር የሚለውን ነጥብ የሚሰጡት እነሱ ሲሆኑ፣ የነጥቡን አሰጣጥ የሚያይ የኢትዮጵያ ተቆጣጣሪ የለም። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ኩባንያዎቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፍ እንዲያነሱ ያዛል። ጽሑፉን ለብዙ ሺህ ሰው ያደረሰው ስሌት እንዲመረመር ግን አላዘዘም።

ይህ ክፍተት በሰው ሕይወት ጭምር ክርክር አስነሥቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ ስማቸውን ጠቅሰው ለጥቃት የሚያነሣሡ ጽሑፎች ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ስሌቱ ጥላቻን ማራገቡን እንዲያቆም ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2022 ባወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የስሌታቸውን አሠራር ለተቆጣጣሪ እንዲያስረዱ ግዴታ ጥሏል።

ኢትዮጵያም ይህን መጠየቅ አለባት። ሆኖም ኢንተርኔትን በተደጋጋሚ የዘጋ መንግሥት ስሌቱን ብቻውን ቢረከብ ለምን እንደሚያውለው ያሰጋል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ከአስፈጻሚው ነጻ ሆኖ፣ የመረመረውን ለፓርላማና ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ ተጥሎበት በራሱ አዋጅ መቋቋም ይኖርበታል፤ በ1999 ዓ.ም. ለምርት ገበያው ተቆጣጣሪ በሕግ ለማቆም የበቃች አገር ለዜጎቿ ደኅንነት የማታቆምበት ምክንያት የለም።