ኮምፒውተር ለጥገና ሲሰጥ፦ የቤተሰብና የጀመዓ መረጃ አጠባበቅ

ለጥገና በምንሰጠው ኮምፒውተር ውስጥ የኒካሕ ፎቶዎች፣ እህቶች ቤት ውስጥ ያለ ሒጃብ የተነሷቸው ምስሎችና የፓስፖርት ቅጂዎች አሉ። ኮምፒውተሩ የመስጂድ ወይም የመድረሳ ከሆነ ደግሞ የዘካ ተቀባዮችና የየቲሞች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ይገኝበታል። የራስን ምስጢር ቸል ማለት አንድ ነገር ነው፤ የእነዚህ ሰዎች መረጃ ግን አማና ነው።

ብዙዎች «የይለፍ ቃል አለው» ብለው ይረጋጋሉ። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ግን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ፋይሎቹን ለማየት ይበቃል። ማጥፋትም መፍትሔ አይደለም። ከሃርድ ዲስክ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ሊመለስ ይችላል፤ ፈጣን ፎርማትም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ዲስኩን አለመስጠት ነው። ብልሽቱ የስክሪን፣ የኪቦርድ ወይም የቻርጀር መሰኪያ ከሆነ ባለሙያው የእርስዎ ፋይሎች አያስፈልጉትም። በዴስክቶፕ ላይ ሥራው ሁለት ገመድና ጥቂት ብሎን መፍታት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ እዚያው ቆመው ያስወጡት፤ በዚህ የሚቆጣ ጠጋኝ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ። በቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ላይ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይወጣም። እዚያ ላይ አስቀድሞ ፋይልቮልትን ማብራት ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ያለው ደግሞ ቢትሎከር ነው። የቢትሎከርን ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ በወረቀት ጽፈው ቤት ያስቀምጡ። ማዘርቦርድ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ይጠይቅዎታል፤ ከሌለዎት ፋይሉ ለእርስዎም አይከፈትም።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ባይነሳም ቴሌግራምንና ዋትሳፕን ከስልክ ማቋረጥ ይቻላል። በሁለቱም ሴቲንግ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያስወጡት። በብሮውዘሩ የተቀመጡ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎችንም ይቀይሩ።

የሰውን ነውር መሰለል በሱረቱ አል-ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ የተከለከለ ነው፤ የግል ሕይወት መከበርም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል። ሕግ ግን የወጣን ፎቶ አይመልስም። የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ኤዲሰን ቼን ለጥገና ከሰጠው ላፕቶፕ የተቀዱ የግል ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ኢንተርኔት ላይ ተሰራጭተዋል፤ ቴክኒሻኑ በ2009 ቢፈረድበትም ፎቶዎቹን መሰብሰብ አልተቻለም።

ዲስክዎ ተበላሽቷል ተብሎ በአዲስ ከተቀየረ አሮጌውን ሱቁ ውስጥ አይተዉት። «አይሠራም» የተባለ ዲስክ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ተቀብለው ቤት ወስደው በመዶሻ ይስበሩት።