ቴምብር
ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ «ቴምብር አምጣ» የተባለ ሰው ደብዳቤ ሊልክ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ የለም፤ ውል ሊዋዋል ወይም ውክልና ሊሰጥ ነው። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የሚያውቀውም ይህንኑ ቴምብር ነው። ቃሉ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣው ከፖስታው ጋር ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። በአነስተኛ ዋጋዎቹ ላይ የንጉሡ ምስል፣ በከፍተኛዎቹ ላይ አንበሳ አለ። የሣላቸው ኧዤን ሙሾን ነው፤ በ1892 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የጋራ ቴምብርም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበት ነበር።

አጭበርባሪ የሚወደው ግን ምስሉን ሳይሆን በላዩ የተመታውን ጽሕፈት ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. «ቦስታ»፣ በ1903 እ.ኤ.አ. «መልክት» የሚሉ ቃላት በነባሩ ቴምብር ላይ ተመቱ። ባዶው ቴምብር ዛሬም ርካሽ ነው፤ ቃሉ ሲጨመርበት ዋጋው ይዘላል። ታዲያ አንድ ማኅተምና ጥቂት ቀለም ምን ያስቸግራል?

ገዢ ሆይ፣ በአጉሊ መነጽር የቀለሙን ቅደም ተከተል እይ። «ቦስታ» የፖስታ ቤቱን የቀን ማኅተም ከላይ ከሸፈነው፣ ቃሉ የተጨመረው ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ነው። የማኅተሙ ቀን ከ1902 እ.ኤ.አ. ከቀደመማ፣ መነጽርም አያስፈልግ።