ከጅቡቲ ወደብ እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ፤ የአስመጪና የአከፋፋይ ዝምድና በታሪክ ሲታይ

ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅ በወልቂጤ ከተማ ከአንድ ግሮሰሪ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። አስመጪው ያዝዛል፤ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ይፈቅዳል፤ ጉምሩክ ቀረጡን ያስከፍላል። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው አስመጪው ባልሄደበት መንገድ ተጉዞ፣ አስመጪው ከማያውቃቸው ደንበኞች ዘንድ ይደርሳል። ይህን የመጨረሻ ጉዞ የሚመራው አከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ የአስመጪው ተቀጣሪ አይደለም፤ ዕቃውን በራሱ ስም ይገዛል፤ ቢሰበር፣ ቢበላሽ ወይም ገዢ ቢያጣ ኪሳራው የራሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዝምድና በጉራጌ አገር ከተሞች እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ በምን ምክንያት እንደ ተናጋና ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ በአጭሩ ማሳየት ነው።

የባቡር ሐዲድና የትልልቅ የንግድ ቤቶች ዘመን

ባቡር ከመዘርጋቱ በፊት የውጭ አገር ሸቀጥ ከጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚገባው በግመልና በበቅሎ ነበር። ጠርሙስ ከባድና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚመች ጭነት አልነበረም። ስለዚህ የወይን ጠጅ በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች መጠጥ ሆኖ ቆየ። በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ሁኔታ ተለወጠ።

ከባቡሩ ሌላ የውሉ ሁኔታም ለአስመጪዎች የሚመች ነበር። በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መንግሥታት መካከል የተፈረመው፣ በተለምዶ የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት በገቢ ዕቃ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ በ10 በመቶ ሲወስን፣ ለወይን ጠጅና ለመሰል መጠጦች 8 በመቶ ብቻ እንዲሆን ፈቀደ። ስለሆነም ከአውሮፓ የሚመጣ መጠጥ ከሌላው ሸቀጥ ያነሰ ቀረጥ እየተከፈለበት ይገባ ነበር።

በዚህ ዘመን በአስመጪነት ከታወቁት መካከል የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ የንግድ ቤትና ዋና መሥሪያ ቤቱን በዓደን ያደረገው የፈረንሳዊው የአንቶናን ቤስ ኩባንያ ይገኙበታል። እነዚህ ድርጅቶች በየገጠሩ ሱቅ አልከፈቱም። ዕቃቸውን በአዲስ አበባ ለዓረብ፣ ለአርመን፣ ለግሪክና ለአገር ተወላጅ ነጋዴዎች በዱቤ ይሰጡ ነበር። ተቀባዩ ደግሞ ለሌላ፣ ያም ለሌላ እያስተላለፈ ሸቀጡ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይወርድ ነበር። ትልቁ ነጋዴ የገጠሩን ገበያ ለማወቅ የሚያስችል ቋንቋም ዘመድም አልነበረውም፤ ትንሹ ነጋዴ ደግሞ ከባሕር ማዶ ለማዘዝ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። አንዱ የጎደለውን ከሌላው አገኘ። የነጻ አከፋፋይነት ሥራ በኢትዮጵያ የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው።

ከመርካቶ የተነሣ ሰንሰለት

የጉራጌ ተወላጆች ወደ አዲስ አበባ በብዛት መፍለስ የጀመሩት አገራቸው በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ነው። መጀመሪያ በጉልበት ሥራ፣ ቀጥሎ በአነስተኛ ንግድ ተሰማሩ። የኢጣሊያ ወረራ ለብዙዎች መከራ ቢሆንም የንግዱን መልክ በሁለት መንገድ ለወጠው። በአንድ በኩል ፋሽስቶች የመሐመድ አሊን የንግድ ቤት በ1929 ዓ.ም. ከአገር አስወጡ። በሌላ በኩል ሕዝቡን በዘር ለመለየት በነደፉት የከተማ ዕቅድ ምክንያት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላ የጉራጌ ነጋዴዎች በዚህ ገበያ ከትንሽ መደብ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ጅምላ ንግድ፣ ጥቂቶቹም ወደ አስመጪነት ተሸጋገሩ።

የዚህ ዕድገት ዋና ምሰሶ ዕቁብ ነበር። ባንክ የማያውቀውን ሰው የዕቁብ አባላት ያውቁታል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዋሱ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአንድ ቀዬ ሰው ስለሆነ፣ ዕዳውን የካደ ሰው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በአገሩ በለቅሶና በሠርግ የሚቆምበትን ስፍራም ጭምር ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ለወልቂጤው ወይም ለቡታጅራው አከፋፋይ ያለ ጽሑፍ ዱቤ ለመስጠት የደፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉም ቢሆን ለዚህ ዓይነት ሰው የተለየ ምዕራፍ አላዘጋጀለትም ነበር። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የንግድ ወኪልን፣ ደላላንና ኮሚሽን ተቀባይን ለይቶ ሲዘረዝር፣ በራሱ ስም ገዝቶ የሚያከፋፍለው ነጋዴ በተራው የሽያጭ ውል ብቻ ሲተዳደር ኖሯል።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት መንገዶች

ወልቂጤና ቡታጅራ በካርታ ላይ ሲታዩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። በመካከላቸው ግን ከፍታው ከ3,500 ሜትር የሚበልጥ የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ተጋድሟል። ስለዚህ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባ አዙረው፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው አደጉ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዓለም ገና፣ ሆሳዕናና ሶዶ መስመር ላይ ናት። የአንዱ ከተማ አከፋፋይ ለሌላው ከተማ ተፎካካሪም ረዳትም ሊሆን ያልቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የጅማ መንገድ በኢጣሊያ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር ዋና ዋና መንገዶችን የማደሱ ሥራ ተጠናከረ። የቡታጅራው መስመር ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብና በአዲስ አበባ ከሚኖሩ ተወላጆች መዋጮ እየሰበሰበ፣ የመንግሥትንም እርዳታ እየጠየቀ መንገዱን አሠራ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትም እንዲሁ ወደ እምድብርና ወደ ሌሎች የሰባት ቤት ወረዳዎች የሚገቡ መንገዶችን አስጠረገ። የመዋጮው ምንጭ በአብዛኛው የመርካቶ ነጋዴ ነበር። በእርግጥ ነጋዴው የአገሩ ፍቅር ነበረው፤ ነገር ግን መንገዱ የንግዱ አካል መሆኑንም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የጭነት ስሌት

አከፋፋዩ ነጻ ሆኖ የቆየው በልማድ ብቻ አይደለም፤ ስሌቱም ያስገድዳል። አንድ የሞላ የወይን ጠጅ ጠርሙስ 1.25 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 12 ጠርሙስ የያዘ ሣጥን 15 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። 5 ቶን የሚጭን መኪና ከ300 በላይ ሣጥን ይወስዳል። ይህን ያህል የወይን ጠጅ በቡታጅራ በአንድ ጊዜ የሚገዛ የለም። ከነዋሪው ብዙው ሙስሊም በመሆኑ የመጠጡ ገበያ ጠባብ ነው፤ ከሚጠጣውም ወገን ብዙው ጠላና አረቄ፣ ኋላም ቢራ ይመርጣል። አስመጪው በራሱ መኪና ልላክ ቢል መኪናው ባዶውን ሊሄድ ነው።

ነጻው አከፋፋይ ግን ከአንዱ አስመጪ 10 ሣጥን ወይን ጠጅ፣ ከሌላው ሳሙና፣ ከሦስተኛው ስኳርና ዘይት አድርጎ መኪናውን ይሞላል። ሲመለስ ደግሞ የማረቆ በርበሬ፣ እህል ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ይጭናል። የኪራዩ ወጪ ለብዙ ሸቀጥ ስለሚከፋፈል በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ይሆናል።

ትንሹ አስመጪም በበኩሉ ያለ አከፋፋይ መቆም አይችልም። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 10,000 ያህል ጠርሙስ ይይዛል። በአዲስ አበባ ጥቂት ሆቴሎች ብቻ ይህን ያህል ለመሸጥ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ገንዘቡ በመጋዘን ታስሮ ይቀመጣል። ጭነቱን በየከተማው ለሚገኙ አከፋፋዮች በትንሽ በትንሹ ሲበትነው ግን ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ለማዘዝም ይችላል።

በጉራጌ አገር በዚህ ላይ የወቅት ጉዳይ ይጨመራል። ለመስቀል በዓል በየከተማው ተበትኖ የሚኖረው ተወላጅ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ሙስሊሙም በዐረፋ እንዲሁ። የወልቂጤ አከፋፋይ ለመስቀል የሚሆነውን መጠጥ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላከማቸ ዓመቱ አለፈበት። ብዙ አከማችቶ ካልተሸጠለት ደግሞ ዕዳው እስከ ገና ይከተለዋል። ስንት ሣጥን ይበቃል የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው በዚያው ከተማ የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ከ70 በላይ የግል ድርጅቶችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት የቤስ ኩባንያም በመንግሥት እጅ ገባ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የቸርቻሪውን በ200,000 ብር ሲወስን፣ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይኖረው ከለከለ። የማስመጣቱና የማከፋፈሉ ሥራ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ድርጅቶች፣ ችርቻሮውም ወደ ቀበሌና ወደ ኅብረት ሥራ ሱቆች ዞረ።

የፖሊሲው ዓላማ ሸቀጥን በእኩልነት ማዳረስና አላግባብ ትርፍን መግታት ነበር፤ በዱቤ ሰንሰለት ውስጥም የብዝበዛ ቦታ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። ሆኖም አሠራሩ አንድ ነገር ዘነጋ። ኮታ የሚመድበው ቢሮ የትኛው ከተማ በየትኛው ወር ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው አጣ። ፈቃዱ በአንድ የንግድ ዘርፍ የተወሰነበት ነጋዴም መኪናውን በልዩ ልዩ ሸቀጥ መሙላት ተሳነው። አከፋፋዩ ሲገፋ አብሮት የሄደው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የትኛው ባለሱቅ ዕዳውን እንደሚከፍል የሚያውቀው ዕውቀቱም ጭምር ነው። ይህ ዕውቀት በመዝገብ ያልሰፈረ ስለ ነበረ ተተኪው ድርጅት ሊወርሰው አልቻለም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ንግዱ ለግል ባለሀብት ተከፈተ፤ የቀድሞው ሰንሰለትም ቀስ በቀስ ተቀጠለ። የአገር ውስጡ የወይን ጠጅም ተለወጠ። ጉደርና አክሱማይት በተባሉት ምርቶቹ የታወቀው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛወረ። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ በቅርብ ርቀት በምትገኘው በዝዋይ (ባቱ) ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ የወይን ተክል አልምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ምርቶቹን ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ፋብሪካዎች በየከተማው የሚያከፋፍል ወኪል የመመልመል አቅም አላቸው። ትንሹ የወይን ጠጅ አስመጪ ግን አሁንም በነጻው አከፋፋይ ትከሻ ላይ ነው።

ሕጉም ይህን ጥገኝነት አጠበቀው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ስለ ከለከለ፣ አዲስ ምርትን ለባለ ግሮሰሪው የሚያስተዋውቀው የአከፋፋዩ አንደበት ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት መጠጥን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ ብዙ ትንንሽ አስመጪዎች እጃቸው ታሰረ። በዚህ ጊዜ አከፋፋዩ ወደ አገር ውስጥ ምርትና ወደ ሌላ ሸቀጥ ዞሮ ተረፈ፤ ከብዙ አስመጪ ጋር የሚሠራ መሆኑ አዳነው። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከምንዛሪው ለውጥ ጋር ሲነሣ አስመጪው ተመልሶ የመጣው ወደዚያው ሰው ነው።

በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። አሜሪካ የመጠጥ ክልከላዋን እ.ኤ.አ. በ1933 ካነሣች በኋላ፣ ብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር አስመጪ፣ አከፋፋይና ቸርቻሪ ተለያይተው እንዲሠሩ በሕግ ደነገጉ። በዚያ ሕግ የፈጠረውን የሦስትዮሽ ክፍፍል በጉራጌ አገር መንገድ፣ ዱቤና ዘመድ ፈጠሩት። ልዩነቱ በሕግ የቆመው ፍርድ ቤት ሲኖረው፣ በመተማመን የቆመው የሚጠበቅበት ሰነድ የሌለው መሆኑ ነው።

አሁን የተደቀነው ጥያቄ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ለአገር ተወላጅ ብቻ ተከልለው የነበሩትን የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ዘርፎች ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ትልቅ ካፒታል ያለው ድርጅት መጋዘንም መኪናም ይዞ ሲመጣ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ አከፋፋይ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፤ ወይ የዚያ ድርጅት ባልደረባ ይሆናል፣ ወይ ከገበያው ይወጣል። የ1967ቱ ታሪክ እንደሚያስተምረው የሁለተኛው ጉዳት በአከፋፋዩ ላይ ብቻ የሚቆም አይሆንም።

መፍትሔው በር መዝጋት አይደለም። በመተማመን ላይ የቆመውን ዝምድና ሰነድ እንዲኖረው ማድረግ ግን ይቻላል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያም አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ነጋዴ በመጋዘኑ ያለውን ሸቀጥና የሚሰበስበውን ዱቤ በዋስትና አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። አከፋፋዩ የዱቤ መዝገቡን በሥርዓት ቢይዝ፣ ከአስመጪው ጋርም የመክፈያ ጊዜን፣ የስብራት ኃላፊነትንና ያልተሸጠ ዕቃ መመለሻን የሚወስን አጭር ውል ቢጽፍ፣ እስከ ዛሬ በዋስ ቃል ብቻ የኖረው እምነት ባንክ የሚያነበው ሀብት ይሆናል።

መንገዱን በመዋጮ ያሠሩት አባቶች ንግድ ያለ ድልድይ እንደማይሻገር ያውቁ ነበር። አስፋልቱ ዛሬ ወልቂጤም ቡታጅራም ደርሷል። በአስመጪና በአከፋፋይ መካከል ያለው ድልድይ ግን ዛሬም በሰው ቃል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የሚሸከመው ጭነት ከመክበዱ በፊት ሊጠናከር ይገባዋል።