አላማጅ አመራር፦ ክፉ ቀን የሚጠይቀው መሪነት

በአመራር ሥልጠናዎች ላይ «አዳፕቲቭ ሊደርሺፕ» የሚባል ስያሜ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ «ከሁኔታዎች ጋር የሚጣጣም አመራር» እየተባለ ይተረጎማል፤ ይህ ትርጉም ግን ያሳስታል፤ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል መሪን ያስመስላልና። የሐሳቡ ባለቤቶች የሚሉት ሌላ ነው። ሕዝብ ከአዲስ ችግር ጋር ታግሎ አዲስ አኗኗር እንዲለምድ የሚያግዝ መሪነት ማለታቸው ነው። ስለዚህ «ማላመድ» ከሚለው ግሥ «አላማጅ አመራር» ብንለው ሐሳቡን በትክክል ይይዝልናል።

ሐሳቡን ያስፋፋው በሕክምናና በሥነ አእምሮ የሠለጠነው፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኬኔዲ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ሮናልድ ሃይፌትዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሮችን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው መፍትሔው የታወቀ፣ ባለሙያ ተጠርቶ የሚፈታው ነው። ሁለተኛው ሰዎች ልማዳቸውን፣ እምነታቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን ካልለወጡ በስተቀር የማይፈታው ነው። በክፉ ቀን አመራር የሚወድቀው ሁለተኛውን ችግር እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ መድኃኒት ሲያዝለት ነው።

ልዩነቱን በአማራ ክልል በአዊ ዞን ማየት ይቻላል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ አዲስ ቅዳምን ዋና ከተማው ባደረገው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ መሬቱ ከመታረስ ብዛትና ከዝናቡ ኃይል የተነሣ አሲዳማ ሆኖ ምርቱ እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ለአሲዳማ አፈር ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። አርሶ አደሩ ግን ከዚያ አልፎ የአስተራረስ ሥርዓቱን ራሱን ለወጠ። ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በማሳው ተከለ። በመጀመሪያው ክረምት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ ከፍ ሲል ከሥሩ ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ ወደ ጤፍ ይመለሳል። ዲከረንስ ናይትሮጅን ለአፈር የሚያበረክት ዛፍ ስለሆነ የደከመው ማሳ አገገመ፤ ከሰሉም ለብዙ ቤተሰብ ገቢ፣ ለብዙ ወጣት ሥራ ሆነ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዛፉ ላይ ዋግ ወረደ። ፈንገስ ያመጣው ይህ በሽታ ቅጠሉን እያጠቃ ደኑን አደረቀው፤ በዲከረንስ ላይ የቆመው ኑሮም አብሮ ተናጋ። ባለሙያ ስለ ፈንገሱ መመርመሩ፣ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ መፈለጉ የግድ ነው። ነገር ግን ትልቁ ጥያቄ በላቦራቶሪ አይፈታም፤ በአንድ ዛፍ ላይ የተደገፈ ኑሮ ወደ ምን ይሸጋገር? የትኛው ማሳ ወደ እህል ይመለስ? ከሰል በማክሰል ያደረው ወጣት በምን ይተዳደር? ይህን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በመመሪያ መመለስ አይቻልም። መልሱን በችግሩ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው ሞክረው ሊያገኙት ይገባል። አላማጅ አመራር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ መሪ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከግርግሩ ወጣ ብሎ ነገሩን ከላይ ያያል፤ ሃይፌትዝ ይህን ሰገነት ላይ መውጣት ይለዋል። እዚያ ሆኖ አስቀድሞ የሚመረምረው ራሱን ነው፤ «በዚህ ችግር ውስጥ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የግል ዕድገት ከአመራር ጋር የሚገናኘው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ራሱን ለመለወጥ ያልደፈረ ሌላውን ለውጥ ሊያለማምድ አይችልም። ሁለተኛ፣ እውነቱን ሕዝቡ ሊሸከም በሚችለው መጠን ይናገራል፤ አይደብቅም፣ በአንድ ጊዜም አያስደነግጥም። ሦስተኛ፣ ሥራውን ለባለቤቶቹ ይመልሳል፤ መፍትሔ ከእሱ ብቻ እንዲጠበቅ አይፈቅድም።

ማላመድ ማለት የነበረውን ሁሉ መጣል አይደለም። የሚጠበቀውን ከሚተወው መለየት ነው። በዚሁ በአዊ ዞን ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በዓድዋ በፈረስ የዘመቱትን አባቶች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይዘክራል። የፈረስ ጦርነት ዘመን አልፏል፤ ፈረሱና ትብብሩ ግን አልጠፉም። ማኅበርተኛው ዛሬ በሠርግና በለቅሶ ይደጋገፋል፣ የተጣላን ያስታርቃል። ጦርነቱን ትቶ አንድነቱን ያቆየ፣ ለአንድነቱም አዲስ ሥራ የሰጠ ማኅበር ነው።

ይህ ምሳሌ ሌላም ነገር ያስተምራል። አላማጅ አመራር የሹመት ደብዳቤ አይጠይቅም። ጎረቤቶቹን ሰብስቦ አዲስ ሰብል በአንድ ጥማድ መሬት የሚሞክር አርሶ አደር፣ ተማሪዎቿ ትምህርት እንዳያቋርጡ ወላጆችን የምታማክር መምህርት፣ ሁለት ወገን አቀራርበው የሚያነጋግሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም ይህን ሥራ ይሠራሉ።

እንግዲህ በቤትዎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በቀበሌዎ ክፉ ቀን ሲመጣ «ማን ያድነን?» ከማለትዎ በፊት ችግሩ ባለሙያ የሚፈታው ነው ወይስ እኛ ካልተለወጥን የማይፈታ ብለው ይለዩ። ሁለተኛው ከሆነ ሰው ይሰብስቡ፤ ምን እንደምትጠብቁ፣ ምን እንደምትተዉ፣ ምን እንደምትሞክሩ አብራችሁ ወስኑ።