አንደበትን ከሐሜት መጠበቅ

ሐሜት በሌለ ሰው ላይ፣ ቢሰማው የሚያዝንበትን ነገር፣ ለማነጽ ሳይሆን ለማቃለል መናገር ነው። የተነገረው ነገር ሐሰት ሲሆን ስም ማጥፋት ይሆናል፤ ይህም በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ማፍረስ ነው (ዘጸ. 20፥16)። ብዙዎቻችን «የተናገርሁት እውነት ነው» እያልን ኅሊናችንን እናባብላለን። ነገር ግን የወንድምን ድካም ለማይመለከተው ሰው መግለጥ፣ ነገሩ እውነት በመሆኑ ብቻ ሐሜት መሆኑ አይቀርም።

ሐሜት የሚጎዳው ማንን ነው?

ማርያም እኅተ ሙሴ ከአሮን ጋር ሆና ወንድሟን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ባማችው ጊዜ በለምጽ ተመታች፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ከመጓዝ ተከለከለ (ዘኁ. 12)። ከዚህ የምንማረው የአንድ ሰው ሐሜት የብዙዎችን መንገድ እንደሚያስቆም ነው። ስንት የጽዋ ማኅበር፣ ስንት ሰንበቴ፣ ስንት የሰበካ ጉባኤ አገልግሎት በአንድ የጓዳ ወሬ ቆሞ ቀርቷል! የታማውም ሰው ኀፍረቱ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ማራቅ ያደርሰዋል። ይልቁንም ያማነውን ሙሴን እንመልከት፤ ስለ እኅቱ ፈውስ የጮኸው እርሱ ነው።

በሞተሎሚ ፊት

ይህን ትምህርት በወላይታ ምድር ሆነን ስናስበው የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ ወደ ልባችን ይመጣል። ገድላቸው እንደሚተርክልን የዳሞት ገዢ ሞተሎሚ፣ ጻድቁ ከመወለዳቸው በፊት እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወስዶ ነበር። ልጃቸው በዚህ ሰው ላይ ክፉ ለመናገር ምክንያት አላጡም። እርሳቸው ግን ከሩቅ ሆነው ስሙን አላነሡም፤ ወደ እርሱ ሄደው ፊት ለፊት ወንጌልን ሰበኩለት፤ አስተምረውም አጠመቁት። ሐሜት ከሰው ይሸሻል፤ ፍቅር ግን ወደ ሰውየው ይሄዳል።

ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰው ይኖርባታል። የእምነት ልዩነት ያላቸው ጎረቤቶች በአንድ ግቢ ያድራሉ፤ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። በገበያ «ሳሮ» ብለን ሰላምታ የሰጠነውን ሰው፣ ቡና ላይ ስሙን ብናነሣ ሰላምታችን ምን ይሆናል? ቃሉ ሰላም ማለት ነውና። ከባልንጀራቸው ጋር ሰላምን እየተናገሩ በልባቸው ክፋት ያለባቸውን መዝሙረኛው ይወቅሳል (መዝ. 27፥3)። ሃይማኖታችንን ጠንቅቀን ማስረዳት ይገባናል፤ በሌላ እምነት ባለው ጎረቤት ላይ መሣለቅ ግን ምስክርነት አይሆንም።

የወላይታ ሕዝብ በመስከረም ወር ጊፋታን ሲያከብር የተጣላን አስታርቆ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ልማዱ ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተገለጠውን ጠብ ነው፤ የታማው ሰው ግን ማን እንዳማው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የዕርቁ መጀመሪያ ያማው ሰው ንስሐ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የበደለንን ሰው ጌታችን እንዳዘዘን ለብቻው እንንገረው፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው እንጨምር፤ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን እናድርስ (ማቴ. 18፥15-17)። የበደል ተጠቂ መሆንን ለንስሐ አባት ወይም ለሕግ አካል መናገር፣ ሕፃን ወይም ደካማ እንዳይጎዳም ማስጠንቀቅ ሐሜት አይደለም። ሐሜትን በመፍራት በደልን መሸፈን ሌላ ኃጢአት ነው።

ሁለተኛ፣ ጆሯችንንም እንጠብቅ። ሰሚ ያጣ ሐሜት አይራባም። ወሬው ሲጀመር የታማውን ሰው አንድ መልካም ሥራ ማንሣት፣ ካልሆነም ዝም ማለት ይቻላል። በእጅ ስልክ የደረሰንን የሰው ገመና ለሌላ አለማስተላለፍም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን ኃጢአት እናስብ። አባ ሙሴ ጸሊም በአንድ ወንድም ላይ ለመፍረድ በተጠራ ጊዜ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ እንደመጣ ነገራቸው። እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት።

አራተኛ፣ አምተን ከሆነ ንስሐ እንግባ፤ ለሰሙንም ሰዎች ቃላችንን እናርም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሁሉን መመለስ አይቻለንም፤ የቻልነውን ያህል የወንድማችንን ስም ማቅናት ግን ግዴታችን ነው።

ጾማችን ከእህልና ከውኃ ብቻ እንዳይሆን፣ የወንድማችንን ሥጋ በአንደበታችን እንዳንበላ፣ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።